ከ«ሽን» በፊት ያለው ደጃዝማች

ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት ወይንሸት ተረፈ
ወልቂጤ

ሰላምታዬ ከነጋዴው ከአቶ ሰይዶ በርበሬ ጋር ተጭኖ፣ መርካቶ አድሮ፣ በጅማ መንገድ ዞሮ እጅሽ ይግባ። በዘቢዳር ተራራ ላይ ቢወረወር ኖሮ ቶሎ በደረሰሽ ነበር፤ ነገር ግን የዛሬ ዘመን ሰላምታ በመኪና ካልሆነ ተራራ አይወጣም። ስትከፍቺው ካስነጠሰሽ ከናፍቆት አይደለም፤ ከበርበሬው ነው።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ — ይህን ዐረፍተ ነገር እዚህ ላይ ላሳድረውና ወደ ጥያቄዎችሽ ልለፍ።

የመስከረሙን ደብዳቤሽን ለምን እንዳልመለስኩ ጠይቀሻል። ዝናብ ነበረ። ዝናቡ ሲያባራ ወረቀት አለቀ። ወረቀቱ ሲመጣ ስንፍና ቀድሞት ገብቶ ተቀምጧል። ሁሉም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘንድ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው።

ዲሬክተርሽ አቶ ገብረእግዚአብሔር ተማሪዎችሽ እግራቸውን ሲመቱ ሰምቶ «ጠብ ተነሣ» ብሎ ዱላ ይዞ መምጣቱን ሳነብ ሳቅሁ። በግማሽ አፌ ቢሆንም ሳቅሁ። ምን ልበለው ላልሽው፣ እኔ ለአንቺ እንደነገርኩሽ ንገሪው። እኛ ስንናገር የቃሉን ቀለም ሁሉ፣ እያንዳንዷን የድምፅ ቁራጭ፣ እኩል እንመታለን፤ እንደ ማኅበር ጠላ ለሁሉም እኩል እንቀዳለን። እንግሊዝ እንዲህ አያውቅም። ከረጅም ቃል ውስጥ አንዱን ቀለም መርጦ ይሾመዋል፤ የቀሩትን ገባር ያደርጋቸዋል። የተሾመው ደጃዝማች ደረቱን ነፍቶ ይጮኻል፤ ገባሮቹ ግማሽ ድምፃቸውን ገብረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ስለዚህ ለገባር ይጨበጨባል፤ ለተሾመው ይረገጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጠብ የለበትም። ይህን ስታስረጂው ግን «ገባር» የሚለውን ዝቅ አድርገሽ በዪ፤ ሰውየው መሬት እንዳለው ሰምቻለሁ።

ለገና ሰሞን ወልቂጤ መጥቼ የረጅም ቃል ውድድሩን እንድዳኝ ለጠየቅሽው፦ አልመጣም። አውቶቡሱ ወገቤን ይቆርጠዋል። ባለቤቴ ወይዘሮ ዓለምዘውድም ዶሮዎቿን ለማንም ጥላ አትሄድም፤ እኔም ወይዘሮ ዓለምዘውድን ጥዬ አልሄድም። «ዳኛ እኮ ቁጭ ብሎ መስማት ነው» ብለሻል። የኔ ልጅ፣ በዚህ አገር ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ሁሉ በመጨረሻ «እስቲ ጥቂት ቃል ይናገሩ» መባሉ አይቀርም።

አቶ ሰይዶ እኅቱ ሳሌሃ ዘንድ ያርፋል። ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፤ በተለይ ስለ እኔ የሚነግርሽን አትመኚ።

መምህርሽ
ያረጋል


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ያረጋል
ቡታጅራ

ደብዳቤዎን እያስነጠስኩ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ግን በርበሬ በሌለበትም ዓይኔ ሲያነባ ስለዋለ፣ አንድ ነገር እንደደበቁኝ ገባኝና ሳሌሃ ቤት ሄድኩ። አቶ ሰይዶ ምሳ እየበሉ ደረስኩባቸው። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ሐሜት እንዳይመስልብኝ።

«መምህር እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ደህና ናቸው አልኩሽ እኮ!»

«አቶ ሰይዶ!»

«ወላሂ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጽፋሉ።»

ሳሌሃ ከጓዳ ሆና «ይናገራሉስ? እሱን በል እንጂ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ያን ጊዜ የጠቀለሉትን ጉርሻ ገበታው ላይ መለሱት። በመስከረም አንድ ጠዋት ስም እየጠሩ ሳለ አፍዎ ወደ አንድ ጎን እንደሄደ፣ ሰፈሩ ምች ነው እንዳለ፣ ካህኑ ሌላ ነገር ነው እንዳሉ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደግሞ ራስ ውስጥ ደም ፈሶ ነው እንዳለ ነገሩኝ። ቃልዎ እንደ ቀጠነ ሊጥ እየተንጠባጠበ እንደሚወጣ፣ ክፍልዎን ከአሜሪካ የመጣ ወጣት እንደያዘው፣ እርስዎ መምህራን ማረፊያ ተቀምጠው ጠመኔ እንደሚቆጥሩም ነገሩኝ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ደብዳቤውን ሲሰጧቸው ለማን እንደሆነ ሊነግሯቸው ፈልገው፣ ስሜን ማለት እምቢ ሲልዎት ጊዜ፣ እጅዎን ወደ መሬት ዘርግተው ቁመቴን አሳዩአቸው አሉ። አቶ ሰይዶም «ገባኝ፤ የተረፈ ልጅ» አሉ።

መምህር፣ ለቁመቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አድጌአለሁ።

አሁን ስሜቱን ትተን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ነገር በመደበቅዎ ይቀጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ መምህሯ እኔ ነኝ፤ ተማሪው እርስዎ ነዎት። የቤት ሥራዎን እንደሚከተለው አዝዣለሁ፦ እንደ እኛ ከባለ አንድ ቀለም ቃል ይጀምራሉ። «ቡክ»፣ «ማፕ»፣ «ፔን»። ከንፈር የሚገጥምባቸውን ሆን ብዬ መርጫለሁ፤ ከንፈርዎ እንዲያፍር። ከዚያ ወደ ሁለት። «ማርኬት» ሲሉ ሹመቱ የፊተኛው ነው፤ «ሆቴል» ሲሉ የኋለኛው ነው። ከዚያ «ዲሬክተር»፤ የተሾመው መሐል ተቀምጧል፣ አጃቢ በግራ በቀኝ አለው። በእያንዳንዱ ያጨበጭባሉ፣ ይረግጣሉ። ሲሳሳቱ በራስዎ ላይ «እንደገና! አልሰማሁም! ዘቢዳር ይስማ!» ብለው ይጮኻሉ። የእርስዎ ቃል ነው፤ ስምንተኛ ክፍል እስክንጨርስ በጆሮአችን የጮኹብን።

በሚቀጥለው ደብዳቤ ምክንያት አልቀበልም።

ተማሪዎ የነበረችው
ወይንሸት


ቡታጅራ፣ ጥር 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክብርት መምህርቴ
ወልቂጤ

የቤት ሥራዬን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

«ቡክ» ስል «ዉክ» ይላል። «ፔን» ስል ከሻማ ማጥፋት ብዙ አይለይም። በገና ማግስት ግን «ማፕ» ከነከንፈሯ ወጣች፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ምድጃው አጠገብ ሆና ታርመኛለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ስሰንፍ ያለ እንግሊዝኛ ታውቃለች። አንዴ አይታኝ «ዘቢዳር አልሰማም» ትላለች፣ ሽንኩርቷንም መክተፍ ትቀጥላለች። ሃያ ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖር ይህን የመሰለ ሥልጣን አግኝታ አታውቅም፤ ቶሎ የምትለቀው አልመሰለኝም።

ስለ ፈረንጁ መጠየቅሽ አይቀርም። ጥሩ ልጅ ነው። የሰላም ጓድ ነኝ ይላል፤ ረጅም ነው፤ በሩን ሲገባ ሁልጊዜ ይሰግዳል። ችግሩ ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ማወቁን አላመኑለትም። በመጀመሪያው ቀን «ዩኒቨርሲቲ» ብሎ እግሩን ሳያነሣ አለፈ። ክፍሉ በሙሉ አዘነለት። የክፍል አለቃው ኃይሌ ተነሥቶ፣ በአክብሮት፣ «ሰር፣ ሹመቱን ዘለሉት» አለው። አሁን መርገጥ እየተማረ ነው ይባላል። ጫማው ወፍራም ነው፤ ተስፋ አለው።

አለቆቹ እንዴት ያዙዎት ብትዪኝ፦ በጥሩ ያዙኝ፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፈልኝ። በመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሕመሜ አዘነ፤ በሁለተኛው ስለ አገልግሎቴ አመሰገነ። እንዲህ ተከታትሎ ሲያዝንልሽና ሲያመሰግንሽ ሦስተኛውን አንቀጽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በግንቦት ኮሚቴ መጥቶ የመናገር ችሎታዬን ይመረምራል። ካለፍኩ ክፍሌ ይመለስልኛል። ካልሆነልኝ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ እሆናለሁ። ኃላፊ ማለት ጠመኔ፣ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ነው። ደመወዜ አይነካም። በሙሉ ደመወዝ መሰደብ ለሁሉም ሰው የሚደርስ ዕድል አይደለም።

ወይንሸት፣ ቀልዱን ለአንድ መስመር ላቁመው። ይህን አገር የማውቀው በዚያ ክፍል መስኮት ነው። ከጎጃም ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚሰላመኝ ሁሉ ከዚያ ክፍል የወጣ ወይም ልጁን ያስገባ ነው። ከዚያ ካወጡኝ ቡታጅራ ውስጥ ሆኜ ከቡታጅራ መውጣቴ ነው።

መስመሩ አለቀ። «ሆቴል» ገና እያስቸገረኝ ነው። «ማርኬት» ግን ገበያ አውጥቼ ብሸጠው ገዥ ያገኛል። ለኮሚቴው የትኛውን ቃል ላዘጋጅ?

ታዛዥ ተማሪሽ
ያረጋል


ወልቂጤ፣ የካቲት 15 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህሬ

ውጤትዎ፦ «ማፕ» በጣም ጥሩ። «ማርኬት» ጥሩ። «ዉክ» መጥፎ። ጠባይ፦ አጥጋቢ ሲሆን፣ በመምህርት ላይ የማሾፍ ዝንባሌ ይታያል።

የትኛውን ቃል ለኮሚቴው ላዘጋጅ ብለው ለጠየቁኝ ማሰብ አላስፈለገኝም። እርስዎም ያውቁታል፤ ከእኔ አፍ ሊሰሙት ፈልገው ነው እንጂ።

ትዝ ይልዎታል? ሰባተኛ ክፍል ስገባ አማርኛዬ ገና ከመስቃን ገጠር ያልወጣ ስለነበር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይሳቅብኝ ነበር። ስለዚህ አልከፍተውም። አባቴም «ዝም የሚባልበት ትምህርት ቤትማ ቤታችንም አለ፤ ነይ አገዳ ልቀሚ» ማለት ጀምሮ ነበር። እርስዎ አንድ ቀን ጠመኔ ሰጡኝና ሰሌዳው ፊት አቆሙኝ። «ኤሌክትሪክ» ብለው ጻፉ። «ይህ አውቶቡስ ነው» አሉ። «ከቡታጅራ ሲነሣ ተሳፋሪው ጥቂት ነው፤ ደጃዝማቹ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ርገጪ!» ረገጥኩ። «አሁን ‹ሲቲ› ከነዘመዱ ተሳፈረ፤ ኤሌክትሪሲቲ ሆነ። ደጃዝማቹ ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ወንበር ሄደ። ርገጪ!» ረገጥኩ። «አሁን ደግሞ ‹ሲቲ› ወርዶ ‹ፊኬሽን› ከነሻንጣው መጣ። ‹ሽን› የሚባለው ጌታ ብቻውን መቀመጥ አይወድም፤ በተሳፈረበት አውቶቡስ ሁሉ ደጃዝማቹ ከጎኑ፣ ከፊቱ፣ ካልተቀመጠለት አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። የት ነው የምትረግጪው?»

ኢ፣ ሌክ፣ ትሪ፣ ፊ፣ ኬ! አልኩና ረገጥኩ። አቧራው እስከ መስኮቱ ተነሣ። ሽን የወጣችው ከአቧራው ውስጥ ነው። ማንም አልሳቀም። እርስዎ በመስኮቱ ወደ ተራራው ተመለከቱና «ዘቢዳር ሰማ» አሉ።

ያን ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ እየረገጥኩ ሄድኩ። ለአባቴም ረገጥኩለት።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«መብራት ማስገባት።»

«መቼ ነው የሚገባው?»

«እሱን አላውቅም። ቃሉ ግን ገብቷል።»

አባቴ ያን ሰሞን በየገበያው «ኤሌክትሪፊኬሽን እኔ ቤት ደርሷል፤ ሌላው ይጠብቅ» እያለ ሲኩራራ ከረመ። አገዳ ልቀሚ ያለኝ የለም። እነሆ መብራቱ እዚያ መንደር እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ እኔ ግን መምህርት ሆንኩ።

ስለዚህ ቃሉ እርሱ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ከንፈርዎ ጽፈዋል፣ ስለ ምላስዎ ጽፈዋል፣ ስለ ፈረንጁ ጫማ ሳይቀር ጽፈዋል። ስለ መርገጥዎ ግን አንድ ቃል የለም። «ዲሬክተር» ሲሉ መሐለኛውን በየትኛው እግርዎ ረገጡ? ይመልሱልኝ፤ ዝናብ፣ ወረቀትና ስንፍና ተቀባይነት የላቸውም።

ወይንሸት


ቡታጅራ፣ መጋቢት 22 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህርቴ

ጥያቄሽን ዘልዬ ለማለፍ አሰብኩ፤ ግን እንዴት ልዝለል? ለመዝለልም እግር ይጠይቃል።

ግራ እግሬ ከአፌ ጋር በአንድ ጠዋት ሥራ ለቀቀ። ያጅበኛል፤ አይረግጥም። በአንቺ ዘመን የምረግጠው በየትኛው እንደነበረ ታስታውሺያለሽ፤ ሰሌዳውን የምይዘው በቀኝ እጄ ስለነበር ምስኪኑ ግራዬ ነበር ደጃዝማቹን ሁሉ የሚያነግሠው። አሁን በቀኜ ልረግጥ ብዬ ሞከርኩ። ቀኜ ሲነሣ የሚሸከመኝ ግራዬ ሆነ፤ ሸክሙንም አልተቀበለም። ዶሮዎቹ ላይ ወደቅኩ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ መጀመሪያ ዶሮዎቹን አየች።

በከዘራም ሞከርኩ። ከዘራ በአፈር ወለል ላይ ድምፁ የሹክሹክታ ነው፤ ደጃዝማች በሹክሹክታ አይሾምም። የሚያስቀው፣ ልጄ፣ ቃሉ ከሞላ ጎደል መጥቷል። ኢ፣ ሌክ፣ ትሪ፣ ፊ — እስከዚያ ድረስ እንደ ሰው እሄዳለሁ። ፊ ላይ ስደርስ ግን ወንዝ እንዳየች በቅሎ ቀጥ እላለሁ። አፌ እግሬን ይጠብቃል፤ እግሬ አይመጣም። አንድ ቀን ወይዘሮ ዓለምዘውድ ተናድዳ በራሷ እግር ምድርን ስትመታው፣ ኬሽን ከአፌ ዘሎ ወጣ! ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ልምምድ ትረግጥልኛለች፤ ሲደክማት «ያንተን ደጃዝማች እስከ መቼ ልሸከመው?» ትላለች። ኮሚቴ ፊት ግን ባለቤቴን ይዤ ገብቼ «እባክሽ እዚህ ላይ ርገጪልኝ» ልበል?

ይህን መርገጥ ከጎጃም ያመጡት ነው ወይ ብለሽ ከዚህ ቀደም ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም ነበር። ዛሬ ልመልስልሽ። እኛ አገር የሚጨፈረው በትከሻ ነው። እዚህ በመጣሁበት ዓመት ተማሪዎቼ ረጅም ቃል ሲያዩ ያንቀላፉ ነበር፤ እኔም አንድ ሁለቴ አብሬያቸው አንቀላፍቻለሁ። መስቀል መጣ። አከራዬ ጨዋታ ወዳለበት መስክ ወሰዱኝ። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ሴቱ፣ ወንዱ ሁሉ እያጨበጨበ እግሩን ሲመታ አየሁ። ጭብጨባው ፈጣን ነው፤ እግሩ ግን ባገኘበት አይወርድም። ሁሉም ያለ አለቃ፣ ያለ ደንብ፣ በአንድ ቦታ ላይ ዱም! ይላል። ቆሜ አሰብኩ፦ ይህ ሕዝብ የእንግሊዝን ምሥጢር ያውቀዋል፤ ያልነገሩት ማወቁን ብቻ ነው። በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ተነሡ» አልኩ። ሰዎች የእኔ ዘዴ ይሉታል። እኔ ከእናንተው ተበድሬ ለእናንተው ያስተማርኩት ነው።

ያ መስክ አሁንም አለ። አንዳንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ሣር ብቻ ነው።

ኮሚቴው በግንቦት ሁለተኛው ሳምንት ይመጣል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ያረጋል


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህሬ

ይህን በችኮላ የምጽፈው አቶ ሰይዶ መኪናው ሊነሣ ነው ብለው በር ላይ ቆመው ስለሚያዩኝ ነው።

ልመጣ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ እረግጥልዎታለሁ ብዬ አስቤ ዲሬክተራችንን አቶ ገብረእግዚአብሔርን ፈቃድ ጠየቅኩ። «ምክንያት?» አሉኝ። ዋሽቼ ባውቅ ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ነገርኳቸው። ደንቡን ከሣጥን አውጥተው ገለጡና «ለሐዘን አለ፣ ለወሊድ አለ፣ ለእግር መርገጥ የሚሰጥ ፈቃድ የለም» አሉኝ። የተማሪዎቼ ፈተናም በዚያው ሳምንት ነው።

ምክሬን ከጠየቁኝ፣ እሱን ቃል ይተዉት። አዎ፣ እኔ ነኝ የምለው። አጭር ቃል ይበሉ። «ማርኬት» ይበሉ፤ ያምርልዎታል። ኮሚቴው የቃል ርዝመት በክንድ አይለካም። መቶ ረጅም ቃል ቢቀር ይቅር፤ ክፍሉ ይበልጣል። ዘቢዳር ስለ አንድ ቃል አይቀየምም።

እምቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም መምህርትዎ ነኝና አዝዣለሁ።

የወይዘሮ ዓለምዘውድን እግር ይሳሙልኝ፤ ደክሟልና።

ወይንሸት


ቡታጅራ፣ ግንቦት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት

ቴሌግራምሽ ደረሰኝ። «ምን ሆኑ ለምን አጭሩን አላሉም» ይላል። ቴሌግራም ቤቱ ጥያቄ ምልክት አይሸጥም መሰለኝ፤ ቁጣሽ ግን ያለ ምልክትም ተነቧል። አጭሩን እንዳላልኩ ማን ቀድሞ እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ መኪና ያለው ሰው ነው።

እንደ ታዘዝኩት ላደርግ ነበር፤ ማርኬት ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ሆነው መምህራን ማረፊያው ድረስ መጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አንብብ አሉኝ፤ አነበብኩ። እየተንጠባጠበም ቢሆን አነበብኩ። ሲሰሙኝ ግን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ሆኑ፤ አንገታቸውን ደፉ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነው፤ ምንም ክፉ ቃል አልወጣውም። «ይበቃል መምህር፤ እስቲ በመጨረሻ አንድ የሚወዱትን ቃል ይበሉልንና እናሰናብትዎ» አለኝ።

የሚወዱትን አለ፣ ወይንሸት። የሚችሉትን ቢለኝ ማርኬትን እሰጠው ነበር።

ኢ አልኩ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ጭብጨባ ሰማሁ። ከማረፊያው ቀጥሎ ያለው የእኔ ክፍል ነው፤ ግድግዳውም ጭቃ ነው፤ ለካ ጠዋቱን ሙሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ጆሯቸውን ለጥፈው ኖሯል። ሌክ አልኩ፤ ጭብጨባ። ትሪ፤ ጭብጨባ። ፊ አልኩና እንደ በቅሎዋ ቆምኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

ከዚያ ረገጡ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ እንደዚያ መስክ። ከመካከላቸው አንዱ የአሜሪካ ወፍራም ጫማ እንደነበረ በድምፁ ለየሁት፤ ጊዜውንም አልሳተም። የኮርኒሱ አቧራ ሁሉ ወርዶ ባርኔጣዎቹ ላይ ተቀመጠ። እኔ በዚያች ቅጽበት ምን አልኩ ብትዪኝ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አፌ ተከፍቶ ነበር።

ኮሚቴው ሲያስነጥስ ቆይቶ ቃለ ጉባኤ ጻፈ። ኃይሌ በመስኮት አንብቦ በቃሉ ይዞታል፤ በመላው ከተማም እያዜመው ነው፦ «ቃሉ በሙሉ ተሰምቷል። የመጨረሻው ክፍል ከማን አፍ እንደወጣ ግን በአቧራው ምክንያት ኮሚቴው ለማረጋገጥ አልቻለም። ስለሆነም ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ መምህሩ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ይቆዩ።»

ልጄ፣ በዚህ አገር ተጣርቶ ያለቀ ጉዳይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጡረታዬ ይቀድመዋል።

ሰኞ ክፍሌ ገባሁ። ፈረንጁ አልሄደም፤ ኋላ ወንበር ላይ ከረጃጅሞቹ ጋር ተቀምጧል። የምናገረውን እኔ እናገራለሁ፤ የሚረገጠውን እነርሱ ይረግጣሉ። ድሮም እንዲሁ ነበር፤ እኔ የራሴ እግር መስሎኝ ነው እንጂ።

ዛሬ ጠዋት አቶ ሰይዶ ይህን ደብዳቤ ሊወስድ መጣ። «ለማን ነው?» አለኝ። ያውቃል፤ ተንኮሉ ነው። እጄን ቁመትሽን ላሳይ ዘረጋሁና መለስኩት። ስምሽን አልኩት። በስምሽ ውስጥ ደጃዝማችም ገባርም የለም፤ ሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ የሚረግጥልኝ ሰው አላስፈለገኝም። አቶ ሰይዶ የአንገቱን ጨርቅ ወደ ዓይኑ ወስዶ «ይሄ በርበሬ» አለ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ከጓዳ «እንደገና!» አለች። «አልሰማሁም! ዘቢዳር ይስማ!»

እንደገና አልኩት።

መምህርሽ
ያረጋል